መሰላል ያዥ

የሮክሳንዳን መሰላል ያዥ ነበርኩ በልጅነቴ፤
በቀን ሁለት ዲናር፣ ግማሽ ዳቦ ለእናቴ።
እሷ ከላይ ሆና ፊደል ስትጽፍ በዘይት ቀለም፣
እኔ ከታች የማየው ጫማዋን ነው፣ ሌላ የለም፤
ግራው ተረከዙ በሽቦ የታሰረ፣
ቀኙ ከቀለም ብዛት ቆዳነቱ የቀረ።

«ዳቦ» ትጽፋለች፣ «ዓሣ»፣ «ፀጉር ማስተካከያ»፣
«ሰዓት ይጠገናል»፣ «የወተት መከፋፈያ»።
ፓንቼቮ በሙሉ «የታፔላዋ ሴት» ይላታል፤
ሠዓሊ እንደነበረች ማን ያስታውሳታል?
«ቬሊሚር» ትለኛለች፣ ነፋስ ሲመጣ፣
«መሬቱን ያዝ እንጂ፣ መሰላሉስ የትም አይወጣ።»

አባቷ ጨርቅ ነካሪ ነው፣ በታሚሽ ወንዝ ዳርቻ፤
እጁ ሰማያዊ ነው፣ ከክርኑ በታች ብቻ።
በፋሲካ ሳሙና ቢታጠብም አይለቅም፤
በእሁድ ጓንት እንኳ ቢሸፈን አይደበቅም።
በስድስት ዓመቷ ከገንዳው ጣቷን ነክራ፣
የእህቷን የፔርሲዳን ፊት ከግንቡ አኖረችው፣ አንድ ዓይኗን አሳውራ።
አባቷ ሊመታት መጣ፤ ቀበቶውን እንደያዘ ቆመ።
ቆየና «ጆሮዋን ረሳሽ» ብሎ ወደ ሥራው አዘገመ።

ቤልግሬድ ተማረች፣ ጣሪያ ሥር፣ በኩራዝ መብራት፤
ከአንዲቱ እንቁላል አስኳሉ ለቀለም፣ ነጩ ለራት።
ከዚያ የሚያዝያው እሁድ መጣ፤ ቦምብ ከሰማይ።
አርባ ሁለት ሸራ ነደደ፣ እሷ ወንዝ ማዶ ቆማ ስታይ።
ስለዚያ ቀን ስጠይቃት ብሩሿን በጋዝ አጠበች፤
«ጭሱ ጥቁር አልነበረም፣ ሐምራዊ ነው» አለች።

ጦርነቱ አልፎ ኮሚቴው «ሣዪልን» አላት «አንድ ሠራተኛ፤
ዓይኑ ነገን የሚያይ፣ ክንዱ የጉልበተኛ።»
እሷም ሣለችው፦ ከፈረቃ ወጥቶ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣
አንድ እግር ጫማውን አውልቆ፣ የእግሩን ጣት በእጁ ጨብጦ።

«መዶሻው የታለ?» አሏት።
«አሁን ገና አስቀመጠው» አለቻቸው።
«ነገንስ መቼ ያያል?»
«ከተኛ በኋላ።»

ሥዕሉ በኖራ ተለሰነ፤ እሷም ከማኅበሩ ተሰረዘች፤
ፓንቼቮ ተመልሳ፣ ከፍ ብላ፣ «ዳቦ» ብላ ጻፈች።

«ፊደል ሆድ አለው» ትለኝ ነበር፣ «ባዶውን አታሳድረው።»
ነገሩ አልገባኝም፤ ልጅ ነበርኩ፤ የእኔን ሆድ ነበር የማስበው።
አንድ ቀን ግን እሷ ምሳ ስትበላ፣ መሰላሉ ላይ ወጣሁ ተደብቄ፤
አየሁ፣ አፍንጫዬን ከእርጥብ ቀለም አጣብቄ፦
በፊደሉ ሆድ ውስጥ፣ ከስንዴ ፍሬ ባነሰች ቦታ፣
ሰማያዊ ፊት አለች፤ አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ጆሮዋ ግን ተሟልታ።

ያቺ ፊት የማን እንደሆነች የገባኝ ዘግይቶ ነው፤
በዚያ የሚያዝያ እሁድ የሥዕል ቤቱን ቁልፍ ይዛ ውስጥ የነበረችው
ፔርሲዳ ናት።

ሰባ ዓመት ሲሆናት ከአንድ መንደር ጎተራ ሦስት ሸራ ተገኘ፤
አርባ ዓመት ዝም ያለው ጋዜጣ በስሟ ተቀኘ።
እሷ ከገበያ መጣች፣ የቀይ ቃሪያ ዘንቢል በክንዷ አንጠልጥላ፣
ሥዕሏ ፊት ለፊት ቆመች፣ መነጽሯን በሻርፗ ወልውላ፤
«የዚች ልጅ እጅ» አለች፣ «እንዴት አይንቀጠቀጥም ነበር!»
አጨብጭበው ሳይጨርሱ፣ «ቃሪያው ሳይጠበስ እንዳይመሽ» ብላ ወጣች ከበር።
በዚያው ክረምት አረፈች።

አሁን እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ከተማው በላስቲክ ታፔላ ደምቋል፤
«ዳቦ»ዋ ተነቅሏል፣ «ሰዓት»ዋን ዝናብ አጥቦት አልቋል።
ትናንት ማታ ዓሣ ቤቱ ጋ መሰላል አቆምኩ፣ ብቻዬን፤
አቧራውን በምራቄ አሸሁት፣ አስጠግቼ ዓይኔን።

ዓሣ ሻጩ ከታች ጮኸ፦
«አንተ ሽማግሌ! ምን ታያለህ እዚያ?»
«ጆሮ» አልኩት።
ዝም አለ።
«ይልቅ ናና ያዝልኝ» አልኩት። «መሬቱን።»